አስተርጓሚው ያላወቀው እንግዳ፤ የ«ትሬድ» ታሪክ በአጭሩ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሆነው በዚህ መጽሔት ውስጥ ስለ ጦርነት፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ልዩ ልዩ አገሮች ታሪክ የሚጽፉ ጓደኞች ስላሉን፣ እኛ ደግሞ ዕድሜው ከአያቶቻችን ዕድሜ የማይበልጠውን፣ ነገር ግን ሁላችንም በየኪሳችን ይዘነው የምንዞረውን የአንድ ነገር ታሪክ ለመጻፍ ተነሣን። ይኸውም በእንግሊዝኛ ስሙ «ትሬድ» የሚባለው፣ ትርጓሜውም «ክር» የሆነው፣ አንድ ፕሮግራም ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ የሚያደርገው ብልሃት ነው። ነገሩ የሒሳብ መምህራን ርስት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሰው የሞተበት፣ ከተማ የጨለመበት፣ ሊቃውንትም ሕጉን አስተካክለው ለመጻፍ ከ40 ዓመት በላይ የፈጀባቸው ጉዳይ ስለ ሆነ በታሪክ ክፍል ውስጥ ቢገባ አያሳፍርም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ለመረዳት አስቀድሞ ሁለት ሠራተኞችን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ኮምፓይለር ነው። ሰው ፕሮግራም የሚጽፈው ለሰው በሚገባ ቋንቋ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን የሚያውቀው የራሱን የቁጥር ትእዛዝ ብቻ ስለ ሆነ፣ በመካከል ቆሞ የሚተረጉም ሌላ ፕሮግራም ያሻል። ኮምፓይለር ማለት ይህ አስተርጓሚ ነው። ሁለተኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲሆን፣ እርሱ እንደ ትልቅ ቤት አዛዥ ሆኖ ፕሮሰሰሩን ለየፕሮግራሙ በተራ የሚያድል፣ ሜሞሪውንም የሚያካፍል ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቤት የሚያገለግሉ ቢሆኑም ለብዙ ዘመን እርስ በርሳቸው አልተዋወቁም ነበር። የምንጽፈውም በመሠረቱ የዚህን አለመተዋወቅ ታሪክ ነው።

ከሁለቱ በዕድሜ የሚቀድመውን አስተርጓሚውን እናስቀድም። በ1957 ጆን ባከስና ጓደኞቻቸው በአይ ቢ ኤም ኩባንያ፣ 704 ለተባለው ኮምፒዩተር የሠሩት የፎርትራን ኮምፓይለር ለደንበኞች ተሰጠ። በዚያ ጊዜ የነበሩ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የኮምፒዩተሩን ትእዛዝ በእጃቸው መጻፍ ስለ ለመዱ፣ አስተርጓሚ የሚያወጣው ሥራ እንደ እጅ ሥራ ፈጣን ሊሆን ይችላል ብለው አያምኑም ነበር። ባከስም ይህን ጥርጣሬ ለማሸነፍ ሲሉ፣ ኮምፓይለራቸውን ቃል በቃል የሚተረጉም ሳይሆን ሥራውን የሚያሳጥር፣ ትእዛዝ የሚያቀዳድም፣ ደጋግሞ የሚፈለገውንም ቁጥር ወደ ሜሞሪ ሳይመላለስ፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለች ሬጅስተር በምትባል ትንሽ ማኖሪያ የሚይዝ አድርገው ሠሩት። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ በሁሉም ኮምፓይለሮች ዘንድ አለ፤ እየበረታም ሄዷል። ነገር ግን ከበስተ ኋላው አንድ ያልተጻፈ ውል ነበረ፤ ይኸውም ፕሮግራሙ ብቻውን ነው፣ ያስቀመጠውንም ቁጥር ሌላ ማንም አይነካበትም የሚል ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ዕቃውን የትም ቢያኖር፣ ሥራውንም በፈለገው ቅደም ተከተል ቢሠራ፣ መጨረሻው አንድ ከሆነ ማን ይቆጣዋል?

አዛዡ ግን በዚያው ዘመን እንግዳ ማስገባት ጀምሮ ነበር። ኮምፒዩተር እጅግ ውድ ስለ ነበረ፣ አንድ ሰው ብቻ ይዞት ሌላው በር ላይ ቆሞ መጠበቁ አግባብ አይደለም የሚል አሳብ ተነሣ። በኖቬምበር 1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቻቸው ሲ ቲ ኤስ ኤስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሠርተው አሳዩ። ይህ ሥርዓት አንዱን ፕሮግራም ለጥቂት ጊዜ ካሠራ በኋላ ያቆመዋል፤ የቆመበትን ቦታና በሬጅስተሮቹ የነበሩትን ቁጥሮች መዝግቦ ያስቀምጥና ሌላውን ያስነሣል። ተራው እንዲህ በፍጥነት ስለሚዞር፣ በየመጻፊያው ፊት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ኮምፒዩተሩ የራሱ ብቻ ይመስለው ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙ የሚቆምበትን ቅጽበት የሚመርጠው ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም፤ አስተርጓሚውም አይደለም፤ ሰዓቱ ሲደርስ አዛዡ ነው።

በዚያው ኢንስቲትዩት ጀሮም ሳልትዘር በ1966 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ፕሮሰሰሩ ትእዛዝን ተከትሎ የሚሄድበትን መንገድ «ክር» ብሎ መጥራት የቪክተር ቪሶትስኪ አሳብ መሆኑን ጠቅሰዋል። ስሙ ደስ ይላል። በአንድ ሸማ ውስጥ ብዙ ክር እንዳለ ሁሉ፣ በአንድ ፕሮግራም ውስጥም ብዙ የሥራ መንገድ ሊኖር ይችላል። ልዩነቱ፣ ሸማኔው ያሰለፈው ክር ቦታውን የማይለቅ ሲሆን፣ የፕሮግራም ክሮች ግን አንዱን ሜሞሪ በጋራ ይዘው እያንዳንዱ በአዛዡ ፈቃድ የሚቆምና የሚነሣ መሆኑ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአገራችን ተረት ለዚህ የተተረተ ያስመስላል፤ ያለ ስምምነት ያበረ ድር ግን የሚያስረው ጌታውን ነው።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ በምሳሌ እናሳይ። የአንድ እድር ሁለት ገንዘብ ያዦች አንድ መዝገብ አላቸው እንበል። በመዝገቡ ላይ 100 ብር ተጽፏል። አንደኛው 10 ብር ተቀበለና መዝገቡን ተመልክቶ 100 መሆኑን በልቡ ያዘ፤ ሊጽፍ ሲል ተጠርቶ ወጣ። በዚህ መካከል ሁለተኛው መጣ፤ እርሱም 10 ብር ተቀብሎ፣ 100 የሚለውን አይቶ፣ 110 ብሎ ጻፈና ሄደ። አንደኛው ተመልሶ በልቡ የያዘውን 100 አስታወሰ፤ 10 ጨምሮበት በዚያው ቦታ ላይ 110 ብሎ ጻፈ። የገባው 20 ብር ነው፤ መዝገቡ የጨመረው ግን 10 ብቻ ነው። ሌባ የለም፤ ሁለቱም ታማኞች ናቸው፤ ሒሳቡ ግን አልገጠመም።

ኮምፓይለር «በዚህ ቁጥር ላይ አንድ ጨምር» የሚለውን ቃል ሲተረጉም ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው ይህንኑ ነው። አስቀድሞ ቁጥሩን ከሜሞሪ ወደ ሬጅስተር ያነባል፤ ቀጥሎ በሬጅስተሩ ላይ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ወደ ሜሞሪ ይመልሰዋል። ሬጅስተሩ የገንዘብ ያዡ ልብ ነው። አዛዡም በእነዚህ ሦስት እርምጃዎች መካከል አንደኛውን ክር አስቁሞ ሁለተኛውን ሊያስነሣ ይችላል። ጸሐፊው በአንድ መስመር የጻፈውና አንድ ሥራ የመሰለው ነገር ከትርጉም በኋላ ሦስት ሥራ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ችግር ቀድመው በግልጽ ካስረዱት መካከል ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ ይገኙበታል። በ1965 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ፣ ብዙ ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ሲሄዱ አንዱ ብቻ ሊገባበት የሚገባውን የሥራ ክፍል እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል አሳዩ። ለሁለት ፕሮግራሞች የሚሆነውን መፍትሔ ያገኙት የአገራቸው ሰው ዴከር መሆናቸውንም ራሳቸው መስክረዋል። ከዚያም «ሴማፎር» የሚባለውን መሣሪያ አወጡ። ስሙ የተወሰደው ከባቡር ሐዲድ ምልክት ነው፤ ምልክቱ ከተዘጋ ባቡሩ ይቆማል፣ ሲከፈት ያልፋል። ዳይክስትራና ባልደረቦቻቸው በአይንድሆቨን የሠሩት፣ ታሪኩም በ1968 የታተመው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሙሉ በዚህ መሣሪያ ላይ የቆመ ነበር። እንግዲህ መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር እኩል ታወቀ ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ መታወቁና ሰው መድኃኒቱን መውሰዱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በጁን 1985 እና በጃንዋሪ 1987 መካከል፣ በአሜሪካና በካናዳ ሆስፒታሎች የካንሰር ሕመምተኞችን በጨረር ለማከም የተሠራ ቴራክ 25 የተባለ መሣሪያ 6 ሕመምተኞችን ከሚገባው እጅግ በሚበልጥ ጨረር መታ፤ ከመካከላቸውም የሞቱ አሉ። ቴክሳስ ውስጥ ታይለር በተባለች ከተማ በማርችና በአፕሪል 1986 ከደረሱት ሁለት አደጋዎች በኋላ ምክንያቱ ተመረመረ። የመሣሪያው ፕሮግራም ጎን ለጎን የሚሄዱ ብዙ ሥራዎች ነበሩት፤ ሥራዎቹም በጋራ የሚጠቀሙባቸውን ቁጥሮች የሚጠብቅ ቁልፍ አልነበረም። የመሣሪያው ሠራተኛ የጨረሩን ዓይነት በስሕተት ትጽፍና ወዲያው ታርማለች። በዚህ ጊዜ ማግኔቶቹ ቦታቸውን ለመያዝ 8 ሰከንድ ያህል ይፈጅባቸዋል። እርማቱ በእነዚህ 8 ሰከንዶች ውስጥ ከተፈጸመ፣ አንደኛው ሥራ ሲያየው ሌላው አያየውም፤ መሣሪያውም ግማሹ ለአንድ ዓይነት ጨረር፣ ግማሹ ለሌላ ዓይነት ተዘጋጅቶ ይተኩሳል። ሠራተኛዋ ሥራውን እየለመደች በሄደች ቁጥር እጇ እየፈጠነ ይሄዳልና አደጋው የሚቀርበው ለጀማሪዋ ሳይሆን ለባለሙያዋ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት መሣሪያዎች ይህን የመሰለ ነገር ሲመጣ የሚያግድ የብረትና የኤሌክትሪክ መከላከያ ነበራቸው፤ በቴራክ 25 ግን ይህ መከላከያ ቀርቶ አደራው ለፕሮግራሙ ተተወ። ለእውነት ስንል፣ ይህ ፕሮግራም በኮምፓይለር የተተረጎመ ሳይሆን በእጅ በአሰምብሊ የተጻፈ ስለ ነበረ አስተርጓሚው በዚህ ደም የለበትም። ናንሲ ለቨሰንና ክላርክ ተርነር በ1993 ያሳተሙት የምርመራ ጽሑፍ እስከ ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይነበባል።

ወደ አዛዡ እንመለስ። በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ የጀመሩት ዩኒክስ ለየሥራው የተለየ ሜሞሪ ይሰጥ ነበር፤ አንዱ የሌላውን መዝገብ ማየት ስለማይችል ጠብ አልነበረም። በ1973 ዩኒክስ «ሲ» በተባለው ቋንቋ እንደገና ተጻፈ፤ በዚህም ሲ የዓለም የኦፕሬቲንግ ሲስተም ቋንቋ ለመሆን በቃ። በ1989 የወጣው የሲ ቋንቋ ሕግም ስለ ክር አንድም ቃል አልተናገረም። ነገር ግን የተለየ ሜሞሪ ማዘጋጀት ዋጋ ያስከፍላል፤ ብዙ ሥራዎችም አንድ መዝገብ በጋራ ማየት ይሻሉ። ስለዚህ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1985 የተጀመረው ማክ የተባለው ሥርዓት የሜሞሪውን ባለቤትና በውስጡ የሚሮጡትን ክሮች ለያይቶ አስቀመጠ፤ በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤን ቲም ፕሮሰሰሩን የሚያድለው ለክሮች ነበር። በ1995 ደግሞ ፖዚክስ በተባለው ደንብ ውስጥ ለዩኒክስ ዓይነት ሥርዓቶች ሁሉ የሚያገለግል የክር ሕግ ጸደቀ።

ቀጥሎ የተነሣው ክርክር፣ ፕሮግራሙ የሚያወጣቸውን ክሮች አዛዡ አንድ በአንድ ይወቃቸው ወይስ ፕሮግራሙ ራሱ ያስተዳድራቸው የሚል ነው። ሶላሪስ የተባለው ሥርዓት ብዙ የፕሮግራም ክሮችን በጥቂት የአዛዡ ክሮች ላይ ያፈራርቅ ነበር፤ በ2002 ግን ለእያንዳንዱ የራሱን ወደ መስጠት ዞረ። በሊነክስም ዛቪዬ ለርዋ በ1996 ያወጡት የክር ሥራ ለአንድ ክር አንድ የሚል ነበር፤ ሆኖም ድክመት ስለ ነበረበት በ2002 ሁለት ተተኪዎች ተወዳደሩ። ያሸነፈው የኡልሪክ ድሬፐርና የኢንጎ ሞልናር ሥራ ሲሆን፣ እርሱም ለእያንዳንዱ ክር የአዛዡን አንድ ክር የሚሰጥ ነው። ቀድሞ 100,000 ክሮችን ማስነሣት 15 ደቂቃ ያህል ይፈጅ የነበረው በ2 ሰከንድ ተፈጸመ ተብሎ ተነገረ። በኮምፓይለር የተተረጎመ ፕሮግራም በዛሬው ሊነክስ ላይ ክር ሲጠይቅ የሚሰጠው ይኸው ነው።

እንዲህ ያለው የአዛዡ ተራ አሰጣጥ በምድር ብቻ ሳይሆን በማርስም ተፈትኗል። በጁላይ 4 ቀን 1997 በማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር የተባለች መንኰራኵር ሥራ ከጀመረች ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኮምፒዩተሯ በየጊዜው ራሱን እያጠፋ እንደገና ይነሣ ጀመር። ፕሮግራሟ በሲ የተጻፈና ቪ ኤክስ ወርክስ በተባለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ የሚሄድ ነበር፤ ለየሥራውም የማዕረግ ደረጃ ተሰጥቶ ነበር። ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው የአየር ጠባይ መዝጋቢ አንድ የጋራ ቁልፍ ይይዛል። ከፍተኛ ማዕረግ ያለው የመረጃ አመላላሽ ያንኑ ቁልፍ ፈልጎ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ መካከለኛ ማዕረግ ያለው ሥራ ይመጣና ዝቅተኛውን ያስቆመዋል፤ ዝቅተኛው ካልሠራ ቁልፉን አይለቅም፤ ስለዚህ ትልቁ ባለማዕረግ በመካከለኛው ምክንያት ደጅ ሲጠና ይቀራል። ይህን የሚያይ ጠባቂ ፕሮግራም ደግሞ አንድ ነገር ተበላሽቷል ብሎ ሁሉንም ያጠፋና እንደገና ያስነሣል። መሐንዲሶቹ በምድር ባለው ግልባጭ ላይ ነገሩን ደግመው እስኪያገኙት ድረስ ፈተኑ። መፍትሔው በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ የነበረ ነገር ግን ያልተከፈተ አንድ ደንብ ነበር፤ ይኸውም ቁልፍ የያዘ ዝቅተኛ ሥራ፣ ከፍተኛው እየጠበቀው እስከ ሆነ ድረስ የከፍተኛውን ማዕረግ በውሰት እንዲይዝ የሚያደርግ ነው። ትእዛዙን ከምድር ላኩና ችግሩ ተወገደ። ሎሌው የጌታውን መልእክት ሲይዝ በጌታው ስም እንዲያልፍ ማድረግ የቆየ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ይህን ስናነብ ሳቅ መጣብን።

በኦገስት 14 ቀን 2003 የደረሰው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ ኦንታሪዮ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት ጠፋበት። ለጥፋቱ ብዙ ምክንያቶች ተገኝተዋል፤ የኤሌክትሪክ መስመሮች ከዛፍ ጋር መነካካታቸውም አንዱ ነው። ነገር ግን ኦሃዮ ውስጥ በነበረው የአንድ የመብራት ኩባንያ መቈጣጠሪያ ክፍል ከቀትር በኋላ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ገደማ የማስጠንቀቂያው ደወል ዝም አለ። ሠራተኞቹ ደወሉ ዝም ማለቱን አላወቁም፤ ሁሉ ነገር ደኅና ነው ብለው ተቀምጠው ሳለ መስመሮቹ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ጨለማው መጣ። ኤክስ ኤ 21 የተባለው የደወሉ ፕሮግራም በዩኒክስ ላይ የሚሄድ፣ በሲ የተጻፈ ነበር። ባለሙያዎች ለብዙ ሳምንት መርምረው ያገኙት የእድሩን ታሪክ ነው፤ ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ በአንድ መዝገብ ላይ ጻፉ፤ መዝገቡ ተበላሸ፤ ደወሉም መጨረሻ በሌለው ዙር ውስጥ ገብቶ ቀረ። ይህ ስሕተት ሊደርስ የሚችልበት ጊዜ በሺህ በሚከፈል ሰከንድ የሚለካ ነበር። ፕሮግራሙ ከዚያ በፊት በየቦታው ከ3 ሚሊዮን በላይ የሥራ ሰዓት ሲያገለግል አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር እንዳላሳየ ሠሪዎቹ ተናግረዋል። የዚህ ዓይነት ስሕተት አስቸጋሪነቱ ይህ ነው፤ ፈተናውን ሁሉ ያልፍና ለጨለማው ቀን ይቀመጣል።

እስከዚያ ዘመን ድረስ አብዛኛው የቤትና የቢሮ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሩ አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ ክሮቹ በእውነት ጎን ለጎን አይሮጡም፤ ይፈራረቁ ነበር እንጂ። በ2001 አይ ቢ ኤም ሁለት ኮር በአንድ ቁራጭ ላይ ያደረገውን ፓወር 4 አወጣ። በ2004 ደግሞ ኢንቴል ኩባንያ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት በማሳደግ ብቻ መቀጠል በሙቀትና በኀይል ብዛት ምክንያት የማያዋጣ መሆኑን አይቶ፣ የጀመረውን አዲስ ፕሮሰሰር ሰረዘና ወደ ብዙ ኮር ዞረ። ከዚያ ወዲህ ክሮች በየኮራቸው ላይ በአንድ ቅጽበት መሮጥ ጀመሩ፤ ሲፈራረቁ በሺህ አንድ ጊዜ ይገናኙ የነበሩትም በየደቂቃው የሚገናኙ ሆኑ። ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ኮር የጻፈውን ነገር ወዲያው ወደ ጋራው ሜሞሪ ሳያደርስ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ዘንድ ሊያቆየው ይችላል።

በዚህ ሰዓት ነበር አስተርጓሚው እንግዳውን አለማወቁ በይፋ የተገለጠው። በ2005 የኤች ፒ ላቦራቶሪ ተመራማሪ ሃንስ ቦም ክሮችን በላይብረሪ መልክ ብቻ መሥራት የማይቻል መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ አቀረቡ። አሳባቸው ይህ ነው። ክሮቹ ከቋንቋው ውጭ በላይብረሪ መልክ የመጡ እንጂ የቋንቋው አካል አይደሉም፤ ስለዚህ ኮምፓይለሩ መኖራቸውን አያውቅም፤ ስለማያውቅም፣ ጸሐፊው ቁልፉን በትክክል እየተጠቀመ እንኳ፣ ሥራ ለማፋጠን ብሎ በፕሮግራሙ ውስጥ ያልተጻፈ ንባብና ጽሕፈት ሊያስገባ ይችላል። ለምሳሌ ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች በሜሞሪ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡና አንደኛው ክር የመጀመሪያውን ብቻ እንዲለውጥ ቢታዘዝ፣ ኮምፓይለሩ ሁለቱን አንድ ላይ አንብቦ አንድ ላይ መልሶ ይጽፋቸው ይሆናል፤ በዚህ መካከል ሌላው ክር በሁለተኛው ላይ የጻፈው ይጠፋል። ጸሐፊው ያላደረገውን ስሕተት አስተርጓሚው አደረገለት ማለት ነው።

እኛም ይህን በዓይናችን ለማየት በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ሁለት ፈተናዎች አደረግን። በመጀመሪያ በሲ ቋንቋ ሁለት ክሮች፣ እያንዳንዳቸው አንዱን የጋራ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ጊዜ አንድ አንድ እንዲጨምሩበት፣ ሆን ብለን ቁልፍ ሳናደርግ ጻፍን። ኮምፓይለሩን ሥራ እንዳያሳጥር አዝዘን ስንተረጉመው፣ መልሱ ከ2,000,000 ያነሰ፣ በየጊዜውም የሚለያይ ሆነ። ይህ የጠበቅነው ነው። ከዚያም ኮምፓይለሩን ሥራውን እንዲያሳጥር አዝዘን ያንኑ ፕሮግራም ብንተረጉም 2,000,000 የሚል ትክክለኛ መልስ ሰጠን። አንዳንድ ጓደኞቻችን ስሕተቱ የታረመ መስሏቸው አጨበጨቡ። የወጣውን የኮምፒዩተር ትእዛዝ ስንመለከት ግን፣ ኮምፓይለሩ አንድ ሚሊዮን ጊዜ አንድ ከመጨመር ይልቅ አንድ ጊዜ አንድ ሚሊዮን መጨመር ይበቃል ብሎ ዙሩን በሙሉ አንሥቶታል። ክሮቹ ሊገናኙ የሚችሉበት ጊዜ ከሚሊዮን ወደ አንድ ቅጽበት ስለ ወረደ ስሕተቱ ተሸሸገ እንጂ አልጠፋም።

ሁለተኛው ፈተና የተገላቢጦሽ ነበር። አንዱ ክር ሌላው «ጨርሻለሁ» ብሎ ምልክት እስኪጽፍለት ድረስ እየዞረ እንዲጠብቅ አደረግን። ሥራ ሳያሳጥር የተተረጎመው በሰላም ፈጸመ። ሥራ አሳጥሮ የተተረጎመው ግን ሳያቆም ሲዞር ቆየ፤ እኛ ነን ያጠፋነው። ኮምፓይለሩ በዙሩ ውስጥ ምልክቱን የሚለውጥ ማንም እንደሌለ አይቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ካነበበው በኋላ ዳግመኛ እንዲመለከተው አላደረገም። የባከስ ዘመን ውል፣ ብቻህን ነህ የሚለው፣ አሁንም በሥራ ላይ ነበረ።

ውሉን ለመለወጥ ከተነሡት መካከል የጃቫ ሰዎች ይገኙበታል። ጃቫ ከመጀመሪያው ክርን በቋንቋው ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ ሆኖም ቢል ፒው ሕጉ የተሳሳተ መሆኑን በ1999 አሳዩ፤ የታረመውም በ2004 በወጣው በጃቫ 5 ነው። የሲ ቤተሰብ ቈይቶ ተከተለ። በ2011 በጸደቁት በሲ ፕላስ ፕላስና በሲ ቋንቋዎች አዲስ ሕጎች ውስጥ ክር ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ተጠራ። ሕጉ ለሁለቱም ወገን ግዴታ ሰጠ። ጸሐፊው፣ ሁለት ክሮች የሚነኩትንና ቢያንስ አንዱ የሚጽፍበትን ቁጥር በቁልፍ ወይም «አቶሚክ» በሚባል ምልክት መጠበቅ አለበት፤ ኮምፓይለሩም በበኩሉ በፕሮግራሙ ያልተጻፈ ጽሕፈት ፈጥሮ የሌላውን ክር መዝገብ ማበላሸት ተከለከለ። ጸሐፊው ግዴታውን ካፈረሰ ግን ሕጉ ምንም ዋስትና አይሰጠውም። በሁለተኛው ፈተናችን ምልክቱን አቶሚክ ብለን ብንጽፈው ኮምፓይለሩ በየዙሩ እያነበበው ፕሮግራሙ ፈጸመ።

ክርክሩ ግን በዚህ አልቆመም፤ የአዛዡ ክር ውድ ነው የሚለው የቆየ ቅሬታ ተመለሰ። በሊነክስ ላይ ለአንድ ክር ብዙውን ጊዜ 8 ሜጋባይት የሚያህል የሜሞሪ ቦታ ይታሰብለታል። ሮብ ፓይክ፣ ሮበርት ግሪሰመርና ያው የዩኒክሱ ኬን ቶምፕሰን በ2009 ይፋ ያደረጉት ጎ የተባለው ቋንቋ፣ በ2 ኪሎባይት ገደማ የሚነሡ «ጎሩቲን» የሚባሉ ቀላል ክሮች አሉት። በኮምፓይለር የተተረጎመው ፕሮግራም የራሱን ትንሽ አዛዥ በሆዱ ይዞ ይወጣና፣ በጥቂት የኦፕሬቲንግ ሲስተም ክሮች ላይ እልፍ ጎሩቲኖችን ያፈራርቃል። ጃቫም በ2023 በወጣው በ21ኛው እትሙ ወደዚሁ መጣ። በ2002 ሶላሪስ የተወው አሳብ በሃያ ዓመት ውስጥ ተመልሶ ገባ ብንል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም ከሥር ያሉት ያው የአዛዡ ክሮች ናቸው፤ ሁለት ጎሩቲኖችም በሁለት ኮር ላይ ሆነው አንዱን መዝገብ ያለ ቁልፍ ቢነኩ የእድሩ ሒሳብ እንደ ገና ይጎድላል።

በሌላ መንገድ የሄደው ራስት የተባለው ቋንቋ ነው፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው በሜይ 2015 ነው። በራስት እያንዳንዱ ነገር ባለቤት አለው፤ ኮምፓይለሩም ማን የማን ባለቤት እንደ ሆነ፣ ማን ለማን እንዳዋሰ እየተከታተለ ይመዘግባል። ያን የመጀመሪያ ፈተናችንን፣ ሁለት ክሮች ያለ ቁልፍ አንድ ቁጥር የሚጨምሩበትን፣ በራስት ብንጽፈው ኮምፓይለሩ የትኛው መስመር ላይ ሁለት ባለቤት እንደ ተገኘ ጠቅሶ አልተረጉምም አለን፤ ቁልፍ ብናደርግበት ተረጎመው፤ መልሱም ደጋግመን ብናስኬደው 2,000,000 ነው። ጸሐፊው ኀላፊነቱን በራሱ ላይ ወስዶ «አንሴፍ» የሚለውን ቃል ካልጻፈ በቀር ይህን ዓይነቱን ፕሮግራም አያሳልፍም። ሁለት ክሮች አንዱ የአንዱን ቁልፍ እየጠበቀ እስከ ዘለዓለም ቢቆሙ ግን ራስትም ቢሆን አስቀድሞ አያይም፤ በዚህ ረገድ ዳይክስትራ በዘመናቸው ያስጠነቀቁት ጥንቃቄ ዛሬም የጸሐፊው ድርሻ ነው።